ድንጋይ ለበስ ከመሆኗ በፊት፦ ለጨቅላ የየብስ ኤሊዎች የሚያስፈልገው ሙቀትና ብርሃን



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ በአንድ መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ክብደቷም ከ50 ግራም የማይበልጥ እንስሳ ናት፤ ከእንቁላል ገና የወጣች የየብስ ኤሊ። የእንስሳት ሕክምና ትምህርታችን በአመዛኙ በከብት፣ በበግ፣ በፍየልና በዶሮ ላይ ማተኮሩ ተገቢ ነው። ይሁንና ይህች ትንሽ ፍጥረት ሙቀት፣ ብርሃንና አጥንት በአንድ ሰንሰለት እንዴት እንደሚያያዙ በጉልህ ታስተምረናለች። ከዚህም ሌላ፣ በቅን ልቦና በሰው ቤት ተይዘው ቀስ በቀስ የሚሞቱ ጨቅላ ኤሊዎች አሉ። ባለቤታቸው ምግብ አልነፈጋቸውም፤ አልመታቸውምም። የጎደላቸው በዐይን የማይታይ ነገር ስለሆነ ማንም አላየላቸውም።

አማርኛችን ኤሊን «ድንጋይ ለበስ» ይላታል። ስሙ ለአዋቂዋ የተገባ ነው። ጨቅላዋ ግን ድንጋዩን ገና አልለበሰችም። የጀርባዋ አጥንቶች ጠርዝ ለጠርዝ አልተጋጠሙም፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት የሸፈነው ከጥፍራችን ጋር በሚመሳሰል ንጥረ ነገር የተሠራ ስስ ልባስ ነው። በጣት ቀስ ተደርጎ ሲነካ ጥቂት ይለምጣል። ይህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጤናማ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቅርፊቱ ወደ ድንጋይነት መሄድ አለበት። መሄድ አለመሄዱን የሚወስነው ወደ አጥንቱ የሚደርሰው ካልሲየም ነው፤ ካልሲየሙም ከአንጀት ወደ አጥንት የሚጓዘው ሙቀትና ብርሃን መንገድ ሲከፍቱለት ነው።

በአገራችን በተፈጥሮ ከሚገኙት የየብስ ኤሊዎች መካከል ሁለቱን ለምሳሌነት መርጫለሁ። አንደኛዋ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ የምትገኘው ነብርማ ኤሊ፣ በሳይንሳዊ ስሟ ስቲግሞኬሊስ ፓርዳሊስ ናት። ሁለተኛዋ በሰሃራ በረሃ ደቡባዊ ዳርቻ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ድረስ የምትኖረው፣ በኋላ እግሮቿ ጭን ላይ እሾህ መሰል ቅርፊት ያላት ሴንትሮኬሊስ ሱልካታ ናት። ይህችኛዋ ስታድግ እስከ 100 ኪሎ ግራም ልትመዝን ትችላለች። በአሜሪካና በአውሮፓ በሰው እጅ በብዛት ስለምትራባ ጨቅላዎቿ እንደ ቤት እንስሳ ይሸጣሉ፤ ስለ ጨቅላ ኤሊዎች አያያዝ ዛሬ ከምናውቀው ብዙው የተገኘውም ከዚያ ነው። በእኛም ዘንድ ኤሊን በግቢ ማኖር እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም የሚሆን ተማሪ አንድ ቀን ካርቶን ውስጥ የተቀመጠች ጨቅላ ኤሊ ብትመጣለት ሊደነቅ አይገባም።

ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ስንት ዲግሪ ላድርግላት?» ጥያቄው ቅን ቢሆንም ጎደሎ ነው። በሜዳ ላይ የምትኖር ኤሊ አንድ ዲግሪ የላትም። ጧት ከተደበቀችበት ትወጣለች፤ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ሰውነቷ ሲሞቅ ትግጣለች፤ ቀትር ሲሆን ወደ ጥላ ወይም ወደ ጉድጓድ ትገባለች፤ ማምሻውን ደግሞ ትወጣለች። የሰውነቷን ሙቀት የምትቆጣጠረው በእግሯ ነው ማለት ይቻላል። እኛ በውስጣችን የምናነደውን ነዳጅ እርሷ ከቦታ ወደ ቦታ በመዘዋወር ታገኘዋለች። ስለሆነም ለእርሷ መዘጋጀት ያለበት አንድ የተወሰነ ሙቀት ሳይሆን ከሞቃት እስከ ቀዝቃዛ የተዘረጋ መስክ ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

በመጀመሪያ የአካል መጠንን እንመልከት። ቅርጻቸው ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ኤሊዎች ብንወስድ፣ አንዷ 5 ሴንቲ ሜትር ሌላዋ 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ቢኖራቸው፣ የትንሿ የገላ ስፋት ከይዘቷ ጋር ሲነጻጸር የትልቋን አሥር እጥፍ ነው። በመሆኑም ትልቋ ለመሞቅም ሆነ ለመቀዝቀዝ ሰዓታት ሲፈጅባት ትንሿ በደቂቃዎች ትለወጣለች። ይህ ጥቅምም አደጋም አለው። ጥቅሙ፣ በአጭር የፀሐይ ሙቀት ለቀኑ ሥራዋ ትዘጋጃለች። አደጋው፣ ጥላ በሌለው መብራት ሥር ብትቀር ሙቀቱ ለሞት የሚያበቃት ፈጥኖ ነው። በተለይ ከአምፖሉ ሥር በጀርባዋ የተገለበጠች ጨቅላ መሸሽ ስለማትችል እጅግ ያሰጋታል። ከመሞቂያው በታች ያለው ወለል ጠፍጣፋ፣ እግሯ የሚቆነጥጠው፣ ብትገለበጥ እንድትቃና የሚረዳት መሆን ይገባዋል የምንለው ስለዚህ ነው።

ሙቀት ለኤሊ ምቾት ብቻ አይደለም። ሣር በል እንደመሆኗ ምግቧን የሚያብላሉላት በአንጀቷ የኋለኛ ክፍል የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ እነርሱም ሆኑ የገዛ ኢንዛይሞቿ በቅዝቃዜ ሥራቸውን ያዘገያሉ። አንጀቷ ሞልቶ ሰውነቷ የቀዘቀዘ ኤሊ የበላችው ሳይፈጭ ይቀመጣል። እንግዲህ «መብላት አቆመች» ተብላ የምትመጣ ጨቅላ ስታጋጥመን፣ መድኃኒት ከመፈለጋችን በፊት የምትኖርበትን ቦታ ሙቀት መጠየቅ ይቀድማል።

የበሽታ መከላከል ዐቅሟም እንዲሁ ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ማቲው ክሉገርና ባልደረቦቹ በበረሃ ኢጓና ላይ ያደረጉት ምርምር ለዚህ ታላቅ ማስረጃ ነው። በባክቴሪያ የተለከፉት ኢጓናዎች ምርጫ ሲሰጣቸው ከወትሮው ወደሚሞቅ ስፍራ ሄደው የሰውነታቸውን ሙቀት ከፍ አደረጉ። በ1975 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት የወጣው ጽሑፋቸው ደግሞ ከፍ ባለ ሙቀት የቆዩት ዝቅ ባለ ሙቀት ከተያዙት ይልቅ በብዛት ከሞት መትረፋቸውን አሳየ። እኛ ስንታመም ትኩሳቱ ከውስጣችን ይነሣል፤ እነዚህ ፍጥረታት ትኩሳታቸውን ተራምደው ያመጡታል። ኢጓና ኤሊ አይደለችም፤ የሰውነት ሙቀትን ከአካባቢ በመውሰድ ግን አንድ ናቸው። ሁሉም ጥግ እኩል በሆነ ሣጥን ውስጥ የተዘጋች ኤሊ ብትታመም ትኩሳቷን የምታገኝበት ቦታ የላትም።

ወደ አኃዙ እንምጣ። ለእነዚህ ሁለት ዝርያዎች ጨቅላ ልምድ ያላቸው አርቢዎችና ሐኪሞች በብዛት የሚመክሩት፣ ከመሞቂያው አምፖል ሥር ያለው ወለል 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ፣ ቀዝቃዛው ጫፍ ደግሞ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ እንዲሆን ነው። ሌሊትም ቢሆን እርጥበት ባለበት ማደሪያ ውስጥ ሙቀቱ ከዚህ ከቀዝቃዛው ጫፍ እጅግ እንዳይወርድ ይጠነቀቃሉ። ልዩነቱ እውን የሚሆነው ቦታ ሲኖር ነው። በጫማ ካርቶን ውስጥ አምፖል ቢሰቀል ካርቶኑ በሙሉ ይግላል እንጂ ሞቃትና ቀዝቃዛ ጫፍ አይኖረውም። ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ወርዱ ስድሳ ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ለመነሻ ያህል ይበቃል። ሙቀቱ የሚለካውም ኤሊዋ በምትገኝበት ከፍታ ነው፤ ከግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ቴርሞሜትር የሚነግረን የግድግዳውን ወሬ ነው።

ሙቀቱ ከየት አቅጣጫ ይምጣ? ከላይ። ለኤሊ ሙቀት ከሰማይ የሚወርድ ነገር ነው። ስትግል ወደ መሬት ትቆፍራለች፤ መሬቱ ያቀዘቅዛታልና። ከሥር የሚነጠፍ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል፤ ከሙቀት ለማምለጥ ስትቆፍር ወደ ባሰ ሙቀት ትገባለች፤ የታችኛው ቅርፊቷም ሊቃጠል ይችላል። የሙቀቱ ምንጭ ዓይነትም ልዩነት አለው። ሃሎጅን አምፖል የሚሰጠው ታሕተ ቀይ ጨረር በአብዛኛው አጭር ሞገድ ስለሆነ እንደ ፀሐይ ወደ ሥጋ ዘልቆ ይገባል። ብርሃን የማይሰጠው የሴራሚክ ማሞቂያ ረጅም ሞገድ ያለው ጨረር ስለሚያመነጭ በአመዛኙ ላዩን ያሞቃል፤ ያደርቃልም። ስለዚህ ሃሎጅኑ ለቀን፣ ሴራሚኩ ለሌሊት ቢመደብ መልካም ነው። ለሌሊት ተብሎ የሚሸጠው ቀይ አምፖል ግን አይበጅም፤ ኤሊዎች ቀይ ብርሃንን ያያሉና ጨለማቸውን ይነሣቸዋል። ወገብ አካባቢ ለሚኖሩ ዝርያዎች ዐሥራ ሁለት ሰዓት ብርሃን፣ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጨለማ ለተፈጥሯቸው የቀረበ ነው።

አሁን ወደ ብርሃን ልለፍ፤ ከሙቀት ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ ልብ ብላችሁ ተከታተሉኝ። በቆዳ ውስጥ 7-ዲሃይድሮኮሌስቴሮል የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የሞገድ ርዝመቱ ከ290 እስከ 315 ናኖ ሜትር አካባቢ የሆነ አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ሲያርፍበት ወደ ቅድመ ቫይታሚን ዲ3 ይለወጣል። የጨረሩ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል። ቅድመ ቫይታሚኑ ራሱ ቫይታሚን ዲ3 የሚሆነው በሙቀት ነው፤ ቆዳው ሲሞቅ ለውጡ ይፈጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። ከዚያ በጉበት፣ ቀጥሎም በኩላሊት ተለውጦ ካልሲየም ከአንጀት እንዲመጠጥ የሚያደርገው ሆርሞን ይሆናል። ይህ ሰንሰለት የተበጠሰባት ጨቅላ በደሟ ውስጥ ያለው ካልሲየም እንዳይወርድ ከገዛ አጥንቷ ትበደራለች። ብድሩ ሲከማች መንጋጋዋ ይላላል፤ ቅርፊቷ ሊጠነክር ሲገባው ይለሰልሳል፤ ስትራመድ ሆዷን ከመሬት ማንሣት ያቅታታል።

ከዚህ የምንረዳው፣ መልካም የአልትራቫዮሌት መብራት ሥር የምትንቀጠቀጥ ኤሊም፣ ጨረር በሌለበት ሙቀት የምትንፈላሰስ ኤሊም ሁለቱም እንደሚጎዱ ነው። ፀሐይ ሁለቱን በአንድነት ትሰጣለች። እኛም በሣጥኑ ውስጥ የሙቀቱን አምፖልና የጨረሩን መብራት ጎን ለጎን፣ በአንድ ጫፍ ማኖር ይገባናል። ያን ጊዜ ኤሊዋ ልትሞቅ ስትመጣ ጨረሩንም ታገኛለች፤ ወደ ጥላ ስትሄድ ከሁለቱም ታርፋለች።

በአገራችን እናቶች ሕፃናትን ጧት ፀሐይ የሚያሞቁበት ልማድ ከዚሁ ሳይንስ ጋር ይስማማል። ሐኪሞችም ሕፃኑ ተሸፋፍኖ ወይም በመስኮት መስተዋት በኩል ሳይሆን ገላው ለፀሐይ ተገልጦ እንዲሞቅ ይመክራሉ። ምክንያቱ ለኤሊም አንድ ነው፤ የተለመደው የመስኮት መስተዋት ሙቀቱንና የሚታየውን ብርሃን እያሳለፈ አልትራቫዮሌት ቢን ግን ያስቀራል። በሳሎን መስኮት ሥር ወለል ላይ ፀሐይ የምትሞቅ ጨቅላ ኤሊ ለሚያያት ሁሉ የተመቻት ትመስላለች። ሞቅ ብሏታል፤ ትበላለች፤ ታድጋለችም። የምታድገው ግን ካልሲየም በጎደለው አጥንት ነው። ፈጥና ማደጓ ጉድለቱን ያባብሰዋል እንጂ አይሸፍነውም።

ጨረሩ ምን ያህል ይሁን? ጋሪ ፈርግሰንና ባልደረቦቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እንሽላሊቶችና እባቦች በተፈጥሮ ቦታቸው በፈቃዳቸው የሚቀበሉትን ጨረር ለክተው በአራት ዞን መድበዋል። መለኪያው በአየር ጠባይ ዜና የምንሰማው የአልትራቫዮሌት ኢንዴክስ ነው። ሜዳማ ቦታ የሚኖሩ የየብስ ኤሊዎችን በብዛት የሚመድቧቸው በሦስተኛው ዞን ነው፤ የዚህ ዞን አማካይ ከ1.0 እስከ 2.6፣ ከፍተኛው ደግሞ ከ2.9 እስከ 7.4 ይደርሳል። እዚህም ላይ አንድ ቁጥር ሳይሆን ከጥላው ዜሮ እስከ መሞቂያው ከፍተኛ መጠን የተዘረጋ መስክ እንደምንሻ አስተውሉ።

ለዚህ የሚመረጠው ረጅሙ የፍሎረሰንት ዘንግ ነው፤ ጨረሩን በሰፊ ቦታ ያሰራጫልና። ዐይኗን እንዳይወጋት ከላይ እንጂ ከጎን አይተከልም። ከመብራቱ በታች ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ቢኖር የጨረሩን ከፊል ያስቀራል፤ ርቀቱ ሲጨምርም ጨረሩ ይሳሳል። ከሁሉ በላይ ልብ ማለት የሚገባን፣ መብራቱ ለዐይናችን እየበራ ሳለ አልትራቫዮሌቱ በወራት ውስጥ እየደከመ መሄዱን ነው። በመለኪያ ካልተረጋገጠ በስተቀር አምራቹ ባመለከተው ጊዜ መለወጥ አለበት። ቫይታሚን ዲ3ን በምግብ መስጠት ለዚህ ሁሉ ምትክ ይሆናል ብለን አንዘናጋ። ቆዳ በጨረር የሚሠራውን ሲበዛ ወደ ሌላ ውህድ እየለወጠ ራሱን ይገታል፤ በአፍ የሚሰጠው ግን ይህ ልጓም ስለሌለው ከመጠን ሊያልፍና ሊመርዝ ይችላል።

እኛ በአዲስ አበባ የምንኖር ሰዎች ሌሎች በገንዘብ የሚገዙትን ጨረር በነፃ አግኝተናል። ሰማዩ በጠራ ቀትር የአልትራቫዮሌት ኢንዴክሱ ከ10 ይበልጣል፤ ስለሆነም ጨቅላይቱ ጧት ረፋድ ላይ፣ ግማሹ ጥላ በሆነ፣ ከውሻ፣ ከድመትና ከአሞራ በተከለለ ሣር ላይ ጥቂት ጊዜ ብትቆይ ይበቃታል። ነገር ግን ሁለቱ ዝርያዎች በአመዛኙ የቆላ ልጆች ናቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋው ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ጨቅላዋን ውጭ ማሳደር አይገባም። ፀሐይዋ ከደጋው፣ ማደሪያዋ ከቆላው እንዲሆን እናድርግላት።

የመብራት መቋረጥም የኑሯችን አካል ስለሆነ ሊዘነጋ አይችልም። ማደሪያ ሣጥኑ ሙቀት በሚይዝ ነገር የተለበጠ ቢሆን ቅዝቃዜው ይዘገያል። ሙቅ ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከአንዱ ጫፍ ብቻ ይቀመጥ፤ ከሌላው ጫፍ የምትሸሽበት ይኑራት። መብራት እስኪመለስና ሰውነቷ ዳግመኛ እስኪሞቅ ምግብ ባይሰጣት ይመረጣል። ሻማና ከሰል ግን ከእሳቱም ከጭሱም የተነሣ ፈጽሞ አይታሰቡም። አምፖሎቹም ቢሆኑ በመያዣቸው ብቻ ሳይሆን በሰንሰለት ጭምር ታስረው፣ በቴርሞስታት ሊገዙ ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ማሞቂያ ሁሉ ያደርቃል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመው የቪስነርና የኢበን ጥናት የሱልካታ ጨቅላዎችን በልዩ ልዩ እርጥበትና በልዩ ልዩ የፕሮቲን መጠን አሳድጎ፣ በደረቅ አየር ያደጉት ቅርፊታቸው እንደ ጉብታ እየተቆለለ መውጣቱን፣ የምግቡ ፕሮቲን ግን ይህ ነው የሚባል ተጽእኖ እንዳልነበረው አሳይቷል። «የበረሃ እንስሳ ናትና ድርቀት ይስማማታል» የሚለው አስተሳሰብ ጉድጓዱን ይረሳል። በበረሃም ቢሆን ጨቅላዋ ቀኑን የምታሳልፈው ፀሐይ ባደረቀው ሜዳ ላይ ሳይሆን በሣር ሥርና በአፈር ውስጥ፣ እርጥበት በተጠራቀመበት ስፍራ ነው። ስለዚህ በሣጥኑ ቀዝቀዝ ባለው በኩል እርጥብ አፈርና መደበቂያ፣ እንዲሁም ልትሰጥም የማትችልበት ጥልቀት የሌለው የውኃ ሳህን ይኑር። እርጥበቱ ግን ከቅዝቃዜ ጋር ሲገናኝ ለሳንባ በሽታ ያጋልጣልና ሙቀቱ ተጠብቆ ይሁን።

ይህን ሁሉ ስል ኤሊ ከዱር አምጥታችሁ ያዙ ማለቴ እንዳይመስል። የየብስ ኤሊዎች በሙሉ ስለ ዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ በተደረገው የሳይተስ ስምምነት ጥበቃ ይደረግላቸዋል፤ ከዱር የተያዙ ሱልካታዎችን ለንግድ ወደ ውጭ መላክ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተፈቀደው ኮታ ዜሮ ነው። በአገራችንም የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል። እኔ የምናገረው አስቀድመው በሰው እጅ ስለገቡት ነው። እነርሱ ጉድጓዱንም ሜዳውንም ትተው መጥተዋል፤ የተዉትን ያህል መልሶ የማዘጋጀት ግዴታ የያዛቸው ሰው ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ጨቅላ ኤሊ ከእንቁላሏ ስትወጣ የአስኳል ስንቅ ይዛ ትወጣለች። ለሳምንታት ብትበድሏትም አትከሳም፤ አትጮኽምም። ጉዳቱ የሚገለጠው ከወራት በኋላ፣ አጥንቱ ከጎበጠ በኋላ ነው፤ የጎበጠ ቅርፊት ደግሞ ዕድሜ ልክ አብሯት ይኖራል። ዕድሜዋም አሥርተ ዓመታት ሊሆን ይችላል። ሐኪም ሆናችሁ ስትቀመጡ «ስንት ዲግሪ?» የሚል ባለቤት ሲመጣላችሁ አኃዙን ንገሩት፤ ነገር ግን ቀጥላችሁ ጠይቁት፦ ሲበርዳት የምትሄድበት አላት? ሲሞቃት የምትሸሽበትስ? ጨረሩ ሙቀቱ ካለበት ይደርሳታል? ሌሊቷ ጨለማ ነው? ለአራቱም «አዎ» ካላችሁ የቀረውን ኤሊዋ ራሷ ታውቀዋለች።